ወደ ድንጋዮቹ፣ ደርሶ መልስ

ባለፈው ሳምንት የልብ መድኃኒቴን በፌስታል አንጠልጥዬ በሐዋሳ፣ በአዲስ ከተማ ሰፈር በኩል ወደ ቤቴ ስመለስ፣ አንድ ጎሚስታ ደጃፍ ላይ እግሬ ቀጥ አለ። ወጣቱ የባጃጅ ጎማ ፈትቶ ቀዳዳውን ይለጥፋል። የጋለ ጎማና የማስቲሽ ሽታ ተደባልቆ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ የምሄድበት ጠፋኝ። ቀና ብሎ «አባባ፣ ምን ልታዘዝ?» አለኝ። «ምንም፤ እያሸተትኩ ነው» አልኩት። ከራሴ ጠጉር እስከ ጫማዬ አየኝና፣ ጤነኛ አይደለም ብሎ ይሁን አዝኖልኝ፣ በርጩማ አቀረበልኝ። ተቀመጥኩ። ሌላው ሰው ወጣትነቱ ትዝ ሲለው ሽቶ ሸተተኝ፣ አበባ ሸተተኝ ይላል፤ እኔን የሚሸተኝ የተቃጠለ ጎማ ነው። ምን ይደረግ፣ የዕድሜዬን ምሽት ሁሉ የጨረስኩት ጎማ ላይ ተቀምጬ ነው።

የጎማው ባለቤት ኑረዲን ነበር። በዚህ ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል አረፈ። በሕይወቴ እንደ እሱ የቀለደብኝ፣ እንደ እሱም የተሸከመኝ ሰው የለም። ሚስቱን በቀበርንበት ቀን ከመቃብሩ ስንመለስ መንገድ ላይ ቆም ብሎ «ቲቸር፣ ቀድሞ የሄደውን የቀረው በእጁ አፈር ያለብሰዋል። ሌላ ሰው ልኬ ነበር ማለት የለም» አለኝ። «እሺ» አልኩት። ሌላ ቃል አልጨመርንበትም፤ በዚያ ዕድሜ ይህን ያህል መባባል ይበቃ ነበር። አሁን የምጽፈው ያ ቃል የት እንደደረሰ ለመናገር ነው፤ ነገር ግን ወደዚያ ለመድረስ በድንጋዮቹ በኩል ማለፍ አለብኝ፣ ሌላ መንገድ የለውም።

እኔ ወደዚህ ከተማ የመጣሁት የሒሳብ መምህር ሆኜ ተመድቤ ነው፤ ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። አባቴ ከሰሜን የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ስለነበር ከአገር አገር መዘዋወር ብርቄ አልነበረም፤ ብርቅ የሆነብኝ አሸዋው ነው። ፋሽኑ ቤልቦተም ስለነበር የሱሪያችን አፍ መንገዱን ይጠርጋል፤ ማታ ሱሪዬን ሳራግፈው አንድ ጣሳ አሸዋ ይወጣዋል። ሳፋሪ የሚለብስ ሰው ወይ የቢሮ ኃላፊ ነው ወይ ሊያገባ ነው። ኮንጎ ጫማ በካልሲ ማድረግ ዘመናዊነት ነበር፤ ዛሬ ለልጆቼ ስነግራቸው ይስቁብኛል። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርደን ቆሮሶ ዓሣ በስሙኒ እንገዛለን፤ ኑረዲን ከአስጋሪዎቹ ጋር በሲዳምኛ ስለሚከራከር ሁልጊዜ ምራቂ ያገኛል፤ እኔ በአማርኛ ስለምከራከር ሁልጊዜ ትንሹ ይደርሰኛል። አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ አሞራዎች እንደ ጡረተኛ ሹም እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ይጠብቁናል። ካሴት ቤቱ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ ቀኑን ሙሉ ያዘፍናል፤ መብራት ሲጠፋ ዘፈኑ መሀል ላይ ይቋረጥና የቀረውን መንገደኛው ይጨርሰዋል። ዓሣ ሻጭዋ፣ ልብስ ሰፊው፣ ከትምህርት ቤት የሚወጡት ሴቶች፣ ሁሉም። እንዲህ ያለ መንገድ ነበረን። አሁን በዚያ ጥግ ላይ ሰማያዊ መስታወት የለበሰ ሕንፃ ቆሟል፤ በፊቱ ሳልፍ የማየው የራሴን ሽበት ነው።

ኑረዲን ከስልጤ አገር በልጅነቱ መጥቶ መጀመሪያ የከባድ መኪና ረዳት፣ ቀጥሎ ሹፌር ሆኖ እስከ ሞያሌ ሲመላለስ ኖረ። ወገቡን ሲያመው መሪውን ለሌላ ሰጥቶ ጎሚስታ ቤት ከፈተ። እኔ ከትምህርት ቤት ስወጣ እዚያ ሄጄ የከባድ መኪና ጎማ ላይ እቀመጣለሁ። ስለ ቆላው መንገድ ያወራልኛል። ከሁሉ በላይ የሚያወራልኝ ስለ ድንጋዮቹ ነው። ከያቤሎ አልፎ፣ ከዋናው መንገድ ወጥቶ፣ ዛፍ የለ ቤት የለ፣ ደረቅ ሜዳ ላይ ብቻቸውን የቆሙ ቀያይ ድንጋዮች አሉ ይለኛል። ነፋሱ ወገባቸውን በልቶት ራሳቸው ገዝፏል፤ አንዳንዱ ከፎቅ ይረዝማል። ራሳቸውን ደፍተው አንድ ላይ የቆሙ ስለሚመስሉ ሹፌሮች «ለቀስተኞቹ» ብለው ያወጡላቸው ስም አለ። በዚያ የሚያልፍ ሹፌር መኪናውን አቁሞ ይወርዳል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ጥሩምባ ሳይነፋ ይሄዳል።

«ቲቸር፣ አንተ ብዙ መጽሐፍ አንብበሃል፤ እነሱን ካላየህ ግን ምንም አላየህም» ይለኛል።

«ውሰደኝና ልያቸው።»

«እወስድሃለሁ። ደርሶ መልስ!»

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ያኔ ከተማ ወጥቶ ለማደር የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ሰዓት እላፊም አለ፤ ማታ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ለምን እንደተገኘ ማስረዳት አለበት፣ ማስረዳቱም ሁልጊዜ አይሳካም። ስለዚህ ጉዞው በአንድ ቀን ካላለቀ አይሆንም። እኔ ርቀቱን ለፍጥነት አካፍዬ፣ የጎማ መፈንዳቱን ጨምሬ፣ አይደርስም እላለሁ። እሱ «አንተ በጠመኔ አስላው፣ እኔ በመሪ አሰላዋለሁ» ይለኛል። እንዲህ እየተከራከርን ውኃው በስንት ጀሪካን እንደሚያዝ፣ ተምሩ ከየት እንደሚገዛ፣ መኪናውን ማን እንደሚያውሰን ስናወራ ይመሻል። ጉዞው ግን አይሄድም። አንድ ጊዜ ነዳጅ ይጠፋል፣ አንድ ጊዜ ስብሰባ ይጠራል፣ አንድ ጊዜ ሚስቴ ትወልዳለች።

ኑረዲን ጀማል የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረው። ቁመተ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ያላገባ፤ በወንድሙ አሮጌ መስመር ላይ የኤንትሬ ከባድ መኪና ረዳት ሆኖ ይሠራል። አንድ ቀን ጠዋት ሁለተኛውን ክፍለ ጊዜ እያስተማርኩ ሳለ አንድ ሹፌር ከአንድ የሰፈር ሽማግሌ ጋር ሆኖ በመስኮት ጠራኝ። መኪናው ከያቤሎ በታች ባለው ቁልቁለት ተገልብጧል፤ ጀማል ሞቷል። «ሬሳው ሌሊቱን ይገባል፤ እናቱም ከስልጤ እየመጣች ነው» አሉኝ ሽማግሌው። «መርዶው ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። እስከዚያ አንተ ያዘው። መናኸሪያ እንዳይሄድ፤ አንዱ አፉን ከከፈተ ብቻውን ነው የሚሰማው።» ይህ የኛ ደንብ ነው። የሰው ሞት ለሰው ብቻውን ሲቆም አይነገርም፤ የሚደግፈው ትከሻ ቀድሞ መምጣት አለበት። ደንቡን ዛሬም አላማርረውም።

ጠመኔዬን ኪሴ ውስጥ እንደከተትኩ ወደ ጎሚስታው ሄድኩ። ምን እንደምለው አላውቅም ነበር፤ አፌ ላይ የመጣው «ዛሬ የድንጋዮቹን ጉዞ ቁርጥ እናድርገው» የሚል ነበር። ደስታው! ሥራውን ለሠራተኛው ትቶ ጠመኔዬን ተቀብሎኝ ሲሚንቶው ላይ መንገዱን ይስል ጀመር። ዲላን አለፈ፣ ሐገረ ማርያምን አለፈ፣ ያቤሎ ደረሰ። ከዚያ ወደ ታች አንድ ጠማማ መስመር ስቦ «እዚህች ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንዳትረግጥ፤ በማርሽ ነው የምትወርደው» አለኝ። ዓይኔን ጠመኔው ላይ እንደተከልኩ ቀረሁ። «ጀማል ሲመለስ እሱንም እንወስደዋለን፣ አሁን ከእኔ በላይ ያውቀዋል» አለ። «እንወስደዋለን» አልኩ። ሻይ አዘዝኩለት፤ ጠጣ። ሌላ አዘዝኩለት፤ ጠጣ። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀምጦ ጠመኔውን አነሳና እንደገና ጀመረ፣ እንዲያውም ከበፊቱ ይልቅ በጋለ ስሜት፣ እስኪመሽ ድረስ። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹን ተከትለን ስንሄድ በሩን ራሱ ከፈተልን። ለብሶ፣ ታጥቦ፣ ቆሞ ነበር። «ግቡ» አለ።

የጀማል አርባ ካለፈ በኋላ አንድ ማታ ነገረኝ።

«እኮ ያን ቀን አውቄያለሁ።»

«እንዴት አወቅህ?»

«ሁለተኛውን ሻይ ስታዝዝ ነዋ። ቲቸር አንድ ሻይ ከጋበዘ አሞታል፤ ሁለት ከጋበዘ ሰው ሞቷል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?»

ጎማውን እያገላበጠ ቆየና «ጉዞውን እስካወራን ድረስ ጀማል አልሞተማ» አለኝ። «አንተም አላልክ፣ እኔም አልሰማሁ። ግማሽ ቀን ተጨማሪ ኖረልኝ። ለምን ልንፈገው?»

ከዚያ ወዲህ የድንጋዮቹ ጉዞ ሞተ ማለት ይቻላል። ከሁለት አንዳችን ስሙን ካነሳን ሌላው የሚመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ማን ሞተ?» እንስቅ ነበር፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም፣ ግን የኛ ነበር። ሰዓት እላፊው ቀረ፣ የይለፍ ወረቀቱ ቀረ፣ መንገዱ አስፋልት ሆነ፤ እኛ አልሄድንም። እኔ ጡረታ ወጣሁ፣ ሚስቴን ቀበርኩ፤ እሱም የሱን ቀበረ። ጎሚስታ ቤቱ ፈርሶ የመስታወቱ ሕንፃ ተሠራበት። እኔን ልቤ ጣለኝና ሐኪሙ ድንገተኛ ነገር እንዳልሰማ አዘዘ፤ በዚህ አገር ላይ የማይቻል ትእዛዝ ነው። እሱን ደግሞ ኩላሊቱ ያዘውና እጥበት ስለሚያስፈልገው ልጁ ከድር አዲስ አበባ ወሰደው። መጨረሻ የተደዋወልን ጊዜ ድምፁ ደክሞ ስሰማው ላጽናናው ብዬ «ስትመለስ ድንጋዮቹን ደርሰን እንመጣለን» አልኩት። «ማን ሞተ?» አለኝ። ሳቁ ወደ ሳል ተቀይሮ ስልኩ ተዘጋ።

ልጄ ሰናይት ፋርማሲ ነው የምትሠራው፤ በሥራ ቀን ጠዋት ቤት አትገኝም። አንድ ቀን ግን በጠዋቱ አዲስ የገለባ ባርኔጣ ይዛ ገባች። ዓይኗ አብጧል። «ጉንፋን ነው» አለች፣ ሳልጠይቃት። ስልኬን ከአልጋው ራስጌ አነሳችና «ቻርጁ ሊያልቅ ነው» ብላ ወደ ጓዳ ወሰደችው። ከዚያ አጠገቤ ተቀምጣ ባርኔጣውን ጉልበቴ ላይ አደረገችው።

«አባዬ፣ ከድር ደውሎ ነበር። ጋሼ ኑረዲን ቅዳሜ ወደ ድንጋዮቹ እንሂድ፣ ይዘጋጅ ብለዋል። ዛሬ ጉዞውን አብረን እናቅደው፣ እሺ?»

«ማን ሞተ?» የሚለው ጥያቄ አፌ ድረስ መጣ። ምላሴ ላይ ተቀመጠ። ዋጥኩት። ልጄ ስለዚያ ቀልድ የምታውቀው ነገር የለም፤ ያ የሁለታችን ብቻ ነበር። ምስኪን፣ ከዓለም ነገር ሁሉ ያንኑ መርጣ አመጣችብኝ ብዬ አሰብኩ። እኔ ቀድሞ የእድር ሹም ሆኜ ስንቱን ደጅ በማለዳ አንኳኳሁ፤ የተደበቀ ስልክ፣ ያበጠ ዓይን፣ የማይሆን ደግነት ምን እንደሆነ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ኑረዲን ሞቷል። ልቤን ፈርተው ነው፤ ነገ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነግሩኝ። መርዶ ደግሞ ይነገራል እንጂ አይጠየቅም፤ የጠየቀ ሰው በገዛ አፉ የጠራው ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ መሰለኝ። «እሺ» አልኩ። «ውኃ ስንት ጀሪካን እንይዛለን?»

ቃሌን አልረሳሁትም። እስላም ሬሳ አያሳድርም፤ ቀብሩ ዛሬ ነው። ከድር እናቱ ካረፈችበት ከሐዋሳ ሌላ ቦታ እንደማይቀብረውም አውቃለሁ። ስለዚህ እየተነጋገርን በሆዴ አሰላሁ፤ ሥራዬ ነው። ንጋት ላይ ቢሞት፣ ታጥቦ ተከፍኖ ለመነሳት ይህን ያህል፤ ከአዲስ አበባ ሞጆ፣ ዝዋይ፣ ሻሸመኔ አድርጎ እዚህ ለመድረስ ይህን ያህል። ከአሱር ሶላት በፊት አይቀበርም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጊዜ አለኝ አልኩ። እስከዚያ ድረስ ኑረዲን ቅዳሜ አብሮኝ ይሄዳል፤ ያን ያህል ጊዜ ልይዘው እችላለሁ። ዘጠኝ ሲሆን ተነስቼ እሄዳለሁ፣ ማንም አያቆመኝም። አይፍረዱብኝ። የራሱ የኑረዲን ትምህርት ነበር።

ያን ጠዋት እንዳቀድነው ጉዞ የታቀደ ጉዞ የለም። ሰናይት የጓደኛዋን ላንድክሩዘር አስገኘች። እኔ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠየቅሁ፤ በዚህ ዘመን ከርቀቱ ይልቅ የሚጠየቀው እሱ ነው። «ተረጋግቷል፣ ሰው እየሄደ ነው» አለችኝ፤ እውነት ይሁን አይሁን አላጣራሁም። ነዳጅ ማደያው ጋ ሰልፍ ስላለ ዓርብ ማታ መሞላት እንዳለበት ተስማማን። ዳቦ ይዘን እንሂድ፣ ተምሩ ከሐጂ ሱቅ ይገዛ፣ ዓሣ ተጠብሶ ቢያዝ ይበላሻል፤ ደግሞ የዓሣው ዋጋ ዛሬ የሚነካ አይደለም። ሰናይት መሀል ላይ እየተነሳች ጓዳ ትገባለች፤ አፍንጫዋን አብሳ ትመለሳለች። ጎረቤታችን አቶ ወርቁ፣ የእድሩ ሊቀመንበር፣ በሥራ ሰዓት «በዚህ ሳልፍ» ብሎ ገባ። ወርቁ በዚህ አያልፍም፤ ቤቱ ከኔ አጥር ጋር ነው። ተቀመጠና እሱም ጉዞውን ያቅድ ጀመር።

«ውኃ ያዙ፣ መምህር። ቆላ ነው።»

«ጀሪካኑን ቆጥረነዋል።»

«ባርኔጣም ጥሩ ነው።»

«ተገዝቷል።»

«ድንጋዮቹ ግን እውነት አሉ?» ብሎ ጠየቀኝ፣ ወሬ ለማርዘም። «አሉ፤ ኑረዲን አይቷቸዋል» አልኩት። ወርቁ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። የእድር ሰው ሆኖ ፊቱን መቆጣጠር የማይችል፤ ሁልጊዜም እነግረዋለሁ።

ምሳ በልተን መንገዱን እንደገና ልንጀምር ስንል ከውጭ ድምፅ መጣ። መጀመሪያ የባጃጅ ግርግር መሰለኝ። ከዚያ ቀረበ፤ የብዙ ወንዶች ድምፅ ነው፣ አንድ ላይ፣ እየተራመደ፤ «ላ ኢላሃ ኢለላህ፣ ላ ኢላሃ ኢለላህ»። ሰዓቱን አየሁ፤ ሰባት ተኩል አልሞላም። ስሌቴ ሁሉ ገደል ገባ። እኔ ያሰላሁት በአሮጌው መንገድ ነው፣ በሻይ ቤቶቹ፣ በኬላዎቹ፣ በምናውቀው መንገድ። አዲሱ የፍጥነት መንገድ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በቃሌ ባጠናሁት መንገድ ላይ አልነበረም። ኑረዲን ደርሶ፣ በዙሁር፣ በቀትሩ ሶላት ተሰግዶበት፣ በደጄ እያለፈ ነው።

«ሰናይት፣ ጋቢዬን» አልኩ።

«አባዬ ቁጭ በል፣ እባክህ፣ ልብህ—»

«አውቃለሁ። ከጠዋት ጀምሮ አውቃለሁ። ጋቢዬን ስጪኝ።»

ወርቁ ተነስቶ በሩ ላይ ቆመ፤ ከዚያ ፊቴን አይቶ ዞር አለ። ሰናይት ድምፅዋ ወጣ፤ የያዘችው ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ የተጠራቀመ ነበር፣ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ላጽናናት አልቻልኩም፤ እግሬ አይሄድም፣ ጊዜውም አይጠብቅም። ባጃጅ አቁመን ስንከተል ሰዉ መንገዱን ሞልቶት ባጃጁ አንድ እርምጃ ይሄዳል፣ ይቆማል። ሾፌሩ «አባቴ፣ ለቅሶ ነው፤ ትንሽ ይታገሱ» አለኝ። ታገሥኩ። ምን ላደርግ።

ስንደርስ ሰናይት ከሴቶቹ ጋር ከአጥሩ ውጭ ቀረች፤ ወርቁ ክንዴን ይዞ አስገባኝ። ወንዶቹ ተቀምጠው ዱዓ ያደርጋሉ። መቃብሩ ሞልቷል፤ አፈሩ ተስተካክሎ፣ ውኃ ተረጭቶበት፣ ራስጌው ላይ ድንጋይ ቆሟል። አካፋዎቹ ጎን ለጎን ተጋድመዋል። ጎንበስ ብዬ ከዳር የቀረውን አፈር በእፍኜ አነሳሁና የረጠበው ጭቃ ላይ ጣልኩት፤ የሚያለብሰው ነገር አልነበረም፣ ለብሶ ጨርሷል። ከዚያ አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ያነሳኝ ከድር ነው። ያን ሕፃን ሆኖ ጎሚስታው ውስጥ ይሮጥ የነበረውን፣ አሁን ጢሙ ሸብቶ፣ ዓይኑ ደም ለብሶ አየሁት። ትከሻዬ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ግራ ተጋብቶ ያየኝ ጀመር።

«ጋሼ፣ ለምን ዘገዩ? ለሰናይት እኮ በጠዋት ነግሬያታለሁ።»

«ነግራኛለች፤ ቅዳሜ እንሄዳለን ብላ።»

«አባቴ ነው እንደዚያ በሉት ያለው። ትናንት ማታ፣ አፉ ሳይዘጋ። 'የድንጋዮቹን ጉዞ አቅዱለት፤ ሌላ ነገር አትንገሩት፣ እሱ ይገባዋል' አለን። እኛ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባንም፤ ኑዛዜ ነው ብለን ነው ያደረግነው።» እንባውን ጠረገ። «'ግን እስከ ቀትር ብቻ ነው' አለ። 'እስከ ቀትር ይበቃዋል፤ ከዚያ አምጡት፣ ቃል አለብን' አለ። እኔ ሳልፍ በርዎ ላይ እንደሚቆሙ ነበር የጠበቅሁት።»

ወርቁ ክንዴን ለቀቀ። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው ለልቤ ሲሉ እስከ ነገ ንጋት ያራዘሙት እነሱ እንደሆኑ ያኔ ነው የገባኝ፤ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። ሰናይትም እነሱን ፈርታ ነው። ማንንም አልተቆጣሁም፤ ለመቆጣት የሚሆን ነገር በውስጤ አልነበረም። ኑረዲን ራሱ ሞቱን ነግሮኛል፣ እኔ ብቻ በምሰማው ቋንቋ፣ ማንም ሳይነግረኝ በፊት፣ ልኩንም ሰፍሮ። ሰው ሁሉ በቅንነት ነው የሠራው። እሱ ግን ያለ እኔ ተቀብሯል።

ቀትር ላይ ምን እያደረግን እንደነበር ትዝ አለኝ። ከሰናይት ጋር መኪናው ውስጥ ማን የት እንደሚቀመጥ እየተነጋገርን ነበር። እሷ «አባዬ፣ አንተ ፊት ትሆናለህ» አለችኝ። እኔ ግን ጋቢናውን ለኑረዲን ሰጠሁት፤ ከእጥበቱ በኋላ እግሩን መዘርጋት እንዳለበት ሐኪሙ ነግሮታልና።